ነብር አየኝ

በወረቀት ጠቅልሎ፣ በደረቱ ሸጉጦ፣
ሉቭሳን ደረሰ፣ ከአልታይ ገመገም በአውቶቡስ ተናውጦ።
የኡላንባታር ጢስ፣ የከሰሉ ጉም፣
ጉሮሮውን ይዞት ሰላምታም አልሰጠም።
ኡያንጋ በሁለት እጇ፣ ጓንቷን እንዳጠለቀች፣
የአገሯ ወግ ነውና ጎንበስ ብላ ተቀበለች።

ስጦታው ኩስ ነበር።
የተራራ ፍየል ጠጉር ያዘለ፣ ጠጠር የመሰለ፣
በገደል አፋፍ ላይ ከበረዶ ጋራ ከርሞ የዋለ።
"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅኋት" አላት፣
"ዱካዋን እንጂ እሷን አላየኋት።"

ከዚያ ሁሉ ድርቆሽ የወጣው ዘረመል
ጠብታ ነው፤ እሱም ፀሐይ የላጠው፣ የተበጣጠሰ፣
ምስጥ እንደ ገባበት ብራና ገጹ የፈረሰ።
ሊገለብጠው ተቀጥሯል አንድ ቁም ጸሐፊ፣
ደመወዝ የማይጠይቅ፣ ቀለም የማይደፋ፣ እሳትን አላፊ።
ኢንዛይም ይሉታል።
ትውልዱ ከፍልውሃ ነው፣ ድኝ ከሚሸተው፣
ሌላው ነፍስ ተቀቅሎ ከሚቀርበት፤
ለኛ ሞት የሆነው ለባክቴሪያው መኝታ ቤት።

ማሽኑ ሦስተኛ እጅ ነው፣ ክዳኑ በፕላስተር የታሰረ፤
ጉሮሮውን ጠርጎ እንደ ሽማግሌ ጀመረ።
ዘጠና አምስት ዲግሪ፦ ጥንዱ ክር ይለያያል፣
ተቃቅፎ የኖረው ጀርባ ይሰጣጣል።
ዝቅ ይላል ሙቀቱ፦ አጭር መነሻ ቃል
ቦታውን ፈልጎ ከክሩ ይጣበቃል።
ሰባ ሁለት፦ ጸሐፊው ይነሣል፤
ኤ ካየ ቲ፣ ጂ ካየ ሲ ያለብሳል።
አንዳንዴም ይስታል፣ ጸሐፊ ነውና።
ደግሞ ይፈላል፣ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤
አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት፣
ሠላሳ አምስት ዙር ሲሞላ ቢሊዮን ነው የሚሉት።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ይላል የኔ አገር፤
እዚህ ድሩ የሚያብረው ነብር ለማሰር አይደለም፣
ለመቁጠር።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጄሉን በሰማያዊ ብርሃን አየች።
አለች! ነብሯ አለች።
ግን በመጨረሻው ጉድጓድ፣ ውሃ ብቻ በገባበት፣
ባዶ መሆን በሚገባው፣
ሌላ መስመር በራ።
ምንም ያልጨመሩበት ውሃ "አለሁ" ካለ፣
የሌላው ምስክር ሁሉ ቃሉ ተቃለለ።
ማን ገባ? የትናንቱ ቅጂ በአየር ተንሳፎ?
ወይስ በእጅጌዋ? ወይስ በትንፋሿ አልፎ?
ማሽኑ ማባዛት እንጂ፣ የማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ሁሉን ጣለችው።
ጠረጴዛውን በበረኪና አጠበች፣ ጓንቷን ለወጠች።
ከፊተኛው ጠብታ የተረፈው ከዕንባ ጫፍ ያንሳል፤
ሦስተኛ ዕድል የለም።
ሉቭሳን በኮሪደሩ፣ ሦስት ወንበር ገጥሞ፣
ከነቦት ጫማው ያንኮራፋል።
ትንፋሿን ይዛ ጨመረች፣ ክዳኑን በፕላስተር አሰረች።

ሲነጋ ውሃው ዝም አለ።
መስመሩን ከመዝገቡ አስተያየችው፣
ካለፈው ዓመት በፊት በኬላ ከተያዘው፣
ከሱፍ ጭነት ሥር ከተገኘው ቆዳ፣ ከሴቲቱ ቆዳ።
በመረመረችው ቦታ ሁሉ፣ ከጥንዱ አንዱ የዚያች ነው፤
ሌላው የማን እንደሆነ መዝገቡ አያውቀው።
ማሽኑ ይህን አይችልም፤ እሱ መድገም ብቻ ነው ያለው።
ግማሽ ሰጥቶ ግማሽ መቀበል
የገደል ሥራ ነው።

ቀሰቀሰችው።
"የቆዳዋ ልጅ ናት።"
ብዙ ዝም አለ። ቦት ጫማውን አየ።
"ስም ሰጣችኋት?"
"ቁጥር። አርባ አንድ።"
ሳቀ፣ ሻርፑን ጠመጠመ፣ ከበሩ ላይ ቆመ፦
"ያንን ኩስ ሳነሣ ጀርባዬን በረደኝ፤
ዞር ስል አፋፉ ባዶ ነው፣ ንፋስ ነው።
አሁን ነው የገባኝ፤ አይታኛለች።"

ነብር አየኝ በል፣ በኔ ቋንቋ ዛቻ ነው።
እሱ ግን ምርቃት እንዳገኘ ሰው
ሁለት ጊዜ ደገመው፣
ወደ አውቶቡሱም ሄደ።